የላዳዬ ንዝረትና ሰሌዳ የሌላት የቄራ ጋራዥ

በ70 ዝም ነው። በ75 ከወንበሩ ስር የሆነ ነገር ማጉረምረም ይጀምራል። 80 ላይ የኋላ ማያ መስታወቷ ውስጥ ያለው ሚኒባስ ሁለት ይሆናል፣ የሲጋራ መተርኮሻዋ ይንጫጫል፣ ባለቤቴ "ዛሬስ ተበተነች" ትላለች። 90 ስገባ መልሶ ቀለል ይላል። እንዲህ እያልኩ 8 ወር ነዳሁ።

መኪናዬ ላዳ 2107 ናት። አዎ፣ እስካሁን ላዳ እነዳለሁ፣ ሳቁና ጨርሱ። ድሮ ታክሲ ነበረች። በሩ ጠርዝ ላይ ቀለሙ በተላጠ ቁጥር ሰማያዊው ብቅ ይላል። ሞተር ከፊት፣ የሚገፋው ጎማ ከኋላ፣ መሀል ላይ ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስ፣ በሆዷ ስር የሚያልፍ ረጅም ሻፍት። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሻፍት ነው፣ ይበልጥ ግን ችግሩ ሻፍቱ ላይ መሆኑን ስላገኘልኝ ሰው አገልግሎት ነው። የመኪና ንዝረት ይዞት ጋራዥ ለጋራዥ የሚንከራተት ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው በዝርዝር የምጽፈው።

መጀመሪያ የባከንኩበትን ልናገር። ጎሚስታ ጋር ሄጄ 4ቱንም ጎማ ባላንስ አስደረግኩ። ምንም ለውጥ የለም። ሌላ ጎሚስታ ጋር ደገምኩት። ልጁ ታማኝ ነበር፣ "ጎማህ ንጹህ ነው፣ ቸርኬህም አልተጣመመም፣ ገንዘብህን አታባክን" ብሎ ሸኘኝ። በዚህ አልቆጭም። ንዝረት ሲመጣ ከጎማ መጀመር ልክ ነው፣ ርካሹም እሱ ነው።

የሚቆጨኝ ቀጥሎ የሄድኩበት ነው። ስሙን አልጠራም። ወለሉ ላይ እንጀራ ቢጋገር የማይነውር፣ ቡና የሚያቀርቡበት ጋራዥ ነው። የተቀበለኝ ልጅ "ኮምፒውተር ላይ እናየዋለን" አለኝ። የእኔ መኪና ካርቡራተር ናት። ኮምፒውተሩን ምኗ ላይ ሊሰካው እንዳሰበ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በመጨረሻ የሞተሩንና የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ጎሚኒ፣ ማለትም ከስር የሚይዟቸውን የጎማ መደገፊያዎች፣ ቀየሩና 9,000 ብር ተቀበሉኝ። ስወጣ 80 ላይ ያው ነው። ስመለስ ደግሞ "እንግዲያውስ ካምቢዮው ነው፣ ይውረድ" አሉ። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ቄራ ያለችውን ጋራዥ የነገረኝ ሻይ ቤት ያገኘሁት ሽማግሌ የታክሲ ሹፌር ነው። ሰሌዳ የላትም። ቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ጉድጓድ፣ ጥላ ስር የተኛ ውሻ። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ሰማያዊ ቱታ፣ በክር የታሰረ መነጽር። ጋሼ ነው የምላቸው።

መኪናዋን አስገብቼ ወደ ጉድጓዱ ልነዳት ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። "አትቸኩል። መጀመሪያ እንነጋገር።" ከዚያ ዋጋ ነገሩኝ፣ ለፍለጋ ብቻ 1,500 ብር። ጥገናው ለብቻ ነው። ካላገኙት ግማሹን ይመልሳሉ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። እዚህ አገር መካኒክ "እንየው" ሲል በነጻ ነው፣ ትርፉን ዕቃ ላይ ነው የሚያወጣው። ከእኔ በፊት የነበረ ደንበኛም ይህንኑ ሰምቶ እያጉረመረመ ሲወጣ አይቻለሁ። እኔ ግን 9,000 ብር ለጎሚኒ ከከፈልኩ በኋላ ምን ቀረኝ ብዬ ተስማማሁ።

"መቼ ጀመረ?"

"8 ወር ይሆነዋል።"

"ከዚያ በፊት ማን ነካት?"

"ማንም።"

"ማንም አልነካትም?" ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ያኔ ነው ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውንና የሚለየውን) ማስቀየሬ ትዝ ያለኝ። ዕቃውም ሥራውም አላስቸገረኝም ነበርና ረስቼዋለሁ። እሳቸው ምንም አላሉም፣ ካርቶን ላይ በእርሳስ አንድ ነገር ጫሩ። በዚህች መኪና ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት፣ ካምቢዮው እንዲወርድ ደግሞ ሻፍቱ መፈታት አለበት። ነገሩ ያኔውኑ ገብቷቸው ይመስለኛል። ግን ግምታቸውን አልነገሩኝም፣ ገመቱና ዕቃ ግዛ አላሉኝም። ለዚህ ብቻ እንኳ 1,500 ብሩ ይገባቸዋል።

ከዚያ ነዳን። ቃሊቲን አልፈን ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ጠዋት መንገዱ ገር ሲል። ከተማ ውስጥማ ምን ይታያል፣ ኮብልስቶን ላይ የትኛውም መኪና ይንቀጠቀጣል። ግማሽ ውሃ የያዘ ሃይላንድ ይዘው ገቡና በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል፣ ካምቢዮውና ሻፍቱ የሚያልፉበት ጉብታ ላይ አቆሙት። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ውሃውን ያያሉ።

መጀመሪያ በ4ኛ ማርሽ 80 እንድይዝ አደረጉኝ። ውሃው ላይ ደቃቅ ሽብሽብ መጣ። "አሁን በዚያው 80 ላይ 3ኛ አስገባ።" ሞተሩ ጮኸ፣ ሽብሽቡ ግን ያው ነው። "5ኛ።" ሞተሩ ዝም አለ፣ ሽብሽቡ አሁንም አለ። ሞተር ቢሆን ኖሮ ማርሽ ስቀያይር ዙሩ ስለሚለወጥ ንዝረቱም አብሮ ይለወጥ ነበር። እሱ የያዘው የመኪናዋን ፍጥነት እንጂ የሞተሩን ዙር አይደለም። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፣ በላዳ 4ኛ ማርሽ ላይ ሞተሩና ሻፍቱ እኩል ነው የሚዞሩት፣ አንድ ለአንድ። ስለዚህ በ4ኛ ብቻ እየነዱ "ዙር ሲጨምር ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ሞተር ነው" ማለት ቀላል ስህተት ነው። እነዚያ ቡና የሚያቀርቡት ልጆች እዚህ ላይ የተሳሳቱ ይመስለኛል። ማለቴ፣ ጨርሶ ነድተዋት ከሆነ።

ቀጥሎ "ዜሮ ማርሽ አድርገህ ልቀቃት" አሉ። በራሷ ስትንሸራተትም ንዝረቱ አለ፣ ቀነስ ብሎ። በቃ፣ ሞተርና ፍሪሲዮን ወጡ። የቀረው ጎማ ወይም ሻፍት ነው።

እሱን ለመለየት ወደ ኋላ ወንበር ሄዱ። እኔ እየነዳሁ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከኋላዬ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ወለሉ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ያለፈን ሰው ሁሉ እያየ ይስቃል። ምን እያደረጉ እንደሆነ ስጠይቅ ሒሳቡን ነገሩኝ። የኔ ዲፈረንሻል (የሻፍቱን ዙር ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያስተላልፈው ጥርስ) 3.9 ነው፣ ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ 4 ጊዜ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ይዞራል። በ80 ኪሎ ሜትር ጎማው በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ ነው የሚዞረው፣ ሻፍቱ ግን 48 ገደማ። ስለዚህ የጎማ ንዝረት ዱብ ዱብ ይላል፣ እግር ሊቆጥረው ምንም አይቀረው። የሻፍት ንዝረት ግን አይቆጠርም፣ እንደ ንብ ቀፎ ነው። መሪው ላይ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ጎማ ነው። የኔ መሪ ፍጹም ጸጥ ያለ ነበር፣ ወንበሩ ነው የሚርገበገበው። ይህን 8 ወር ሙሉ እያየሁት አላየሁትም።

"ለምን 80 ላይ ብሶ 90 ላይ ይተወኛል?" አልኳቸው። "ዥዋዥዌ ገፍተህ ታውቃለህ?" አሉኝ። ሻፍቱ ሚዛኑን ሲስት ገፊ ነው፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 4 እጥፍ ይሆናል። የመኪናዋ አካል ደግሞ የራሱ የሆነ መወዛወዣ ልክ አለው። ግፊቱ ከዚያ ልክ ጋር ሲገጥም ይጮኻል፣ ሲያልፈው ዝም ያለ ይመስላል። ዝም አላለም ግን። መስማት ያቆምከው አንተ ነህ፣ ሻፍቱ ተደግፎ የሚዞርበት ኩሽኔታ ግን እየተበላ ነው፣ አሉኝ። ከዚያ በኋላ 90 ላይ መንዳት አስጠላኝ።

ስንመለስ መብራት ላይ ቆመን ስንነሳ አንድ ሌላ ነገር ሰሙ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ከታች "ድድድድ" የሚል አጭር መንዘፍዘፍ። እኔ የመኪናዋ ጠባይ ነው ብዬ ለምጄዋለሁ። "ይኼ ሌላ በሽታ ነው" አሉ። ሁለት በሽታ አንድ ላይ ሲሆን ነው ሰው ግራ የሚጋባው፣ አንዱን ትቀይራለህ፣ ሌላው ይቀራል፣ የቀየርከው አልነበረም ብለህ ታስባለህ።

ጉድጓዱ ላይ ስትወጣ የኋላዋን በክሪክ ያነሷት ከአካሏ ሳይሆን ከኋላ አክስሏ ስር ነው፣ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈዋል። ከአካሏ ብትነሳ አክስሏ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ የሻፍቱ ማዕዘን ይበላሻል፣ የምታየው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ከዚያ ሻፍቱን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። ለማያውቅ፣ የላዳ ሻፍት ሁለት ቁራጭ ነው። ፊተኛው ካምቢዮውን የሚይዘው በባለ 6 ቀዳዳ ወፍራም ጎማ ነው፣ መሀል ላይ ከአካሉ በጎማ የተንጠለጠለ ኩሽኔታ አለ፣ የኋለኛው ቁራጭ ደግሞ ሁለት ክሮቼራ አለው፣ ሻፍቱ እየታጠፈም እንዲዞር የሚያደርግ የመስቀል ቅርጽ መጋጠሚያ ማለት ነው። ላዳ የመጣችው ከፊያት 124 ነው፣ ግን ይህን ሁሉ ጎማ እዚያ ስር ማን እንዳሰበው ባገኘው እጠይቀው ነበር።

ባለ 6 ቀዳዳውን ጎማ ከታች ሲያዩት ሙሉ ነው። እሳቸው ግን ሻፍቱን ግማሽ ዙር አዙረው ካስማ የሚመስል ጠፍጣፋ ብረት ከተቱና ቀስ ብለው ጠመዘዙት። በብሎኑ ዙሪያ የነበረው ጎማ እንደ ዓሣ አፍ ተከፈተ። ድድድድ ያ ነበር።

ከዚያ የኋላው ክሮቼራ። ቆቡ ዙሪያ ቡናማ ዱቄት አለ። በጣታቸው አንስተው እንዳየው አሳዩኝ። ግራሶ አልቆ ቆቡ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የብረት መርፌዎች ብረት በብረት ሲፋጩ የሚወጣ የዝገት ዱቄት ነው። ሻፍቱ ወርዶ ክሮቼራውን በእጄ እንዳወዛውዘው ሰጡኝ። ለስላሳ መሆን ሲገባው መሀል ላይ እያንዳንዱ መርፌ የቆፈረው ቦታ ይሰማል፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ይህን በእጁ የዳሰሰ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም።

ዋናው ግን ገና ነው። ሻፍቱን ከመፍታታቸው በፊት ነጭ ቀለም ይዘው እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ መስመር ሲያሰምሩ ነበር። ፊተኛው ሻፍት ጫፍ ላይ፣ ክሮቼራውን የሚይዘው ሹካ የሚገባበት ጥርስ ላይ ቆሻሻውን በቤንዚን ሲያጥቡት ቆም አሉ። "ና እይ።" አንዲት ትንሽ የፖንሶን (የብረት መውጊያ) ነጥብ። ሹካውን አዞሩት፣ በእሱም ላይ አንዲት ነጥብ። ሁለቱ ፊት ለፊት መሆን ሲገባቸው አንዱ ሰሜን ሌላው ምሥራቅ። ከስንት ዓመት በፊት አንድ ጠንቃቃ መካኒክ ይህን ሻፍት ሲፈታ መልሶ እንዳይሳሳት ነጥብ አድርጎበታል። ሻፍቱ ሚዛኑ የወጣለት አንድ ላይ ተገጥሞ ነው፣ ጥርሱን አዙረህ ከገጠምከው ሚዛኑ ይጠፋል። የኔን ፍሪሲዮን የቀየረው ልጅ የመሀሉን ኩሽኔታም አብሮ ቀይሮልኝ ነበር፣ ለዚያ ሹካውን አውልቆታል፣ ሲመልሰው ነጥቡን አላየም። ወይ ማየት እንዳለበት አያውቅም። በቃ ይኸው ነው። 8 ወር፣ ሁለት ባላንስ፣ 9,000 ብር የጎሚኒ፣ አንዲት ነጥብ።

ዕቃ የምገዛው ራሴ ነኝ፣ እሳቸው ዕቃ አይሸጡም፣ ኮሚሽንም አይበሉም። ወደ ሶማሌ ተራ ሲልኩኝ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፣ "ባለ 6 ቀዳዳውን ጎማ የቆርቆሮ ቀበቶ የታጠቀውን ግዛ፣ ቀበቶውን እንዳትፈታው።" ሻጩ "ይኼ ማሸጊያ ነው" ብሎ ሊፈታልኝ ሲል ነው የደረስኩበት። ማሸጊያ አይደለም። ጎማው ተጨምቆ ካልተያዘ ቀዳዳዎቹ ከብሎኖቹ ጋር አይገጥሙም፣ ቀበቶው የሚፈታው 6ቱም ብሎን ከገባ በኋላ ነው። ክሮቼራውን ደግሞ ሁለት ዓይነት አሳዩኝና ውዱን ገዛሁ። ርካሹ በእጅ ሲያዝም ይቀላል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ በ80 ላይ ትንሽ ቅሪት ነበረች። አዲሱ ክሮቼራ ከአሮጌው ጋር እኩል አይመዝንማ። የሻፍት ባላንስ ማሽን የላቸውም። ያደረጉት በሚዞረው ሻፍት ላይ ጠመኔ ቀስ አድርገው ማስጠጋት፣ ጠመኔው የነካበትን ጎን ማየት፣ በተቃራኒው በኩል የቱቦ ማሰሪያ ፋሸታ ማጥበቅና የፋሸታውን ጭንቅላት ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ደጋግሞ መንዳት ነው። 5 ጊዜ ወጥተን ተመለስን። በ5ኛው ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ውሃ ዝም አለ። ይህን ቤታችሁ በር ላይ እንዳትሞክሩት፣ የሚዞር ሻፍት ቱታ ከያዘ እጅም አይለቅም።

ጠቅላላ ለእሳቸው የከፈልኩት ከነፍለጋው 5,500 ብር ነው፣ ዕቃው ለብቻ። ርካሽ ነው አልልም። ከጎሚኒው ጋር ሳወዳድረው ግን የሚቆጨኝ ያ 9,000 ብር ነው።

አሁን የማይመቸውን ልናገር፣ ማር ብቻ እየቀባሁ እንዳልሄድ። "ከሰዓት ትወስዳታለህ" ተብዬ በ3ኛው ቀን ነው የወሰድኳት። ስልክ አያነሱም፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆኑ ጭራሽ አይሰሙም። ደረሰኝ የለም፣ የመሥሪያ ቤት መኪና ይዞ የሚሄድ ሰው በዚህ ይቸገራል። ወንበሬ ላይ የእጅ አሻራ የሚያህል ግራሶ ቀርቷል፣ እስካሁን አልለቀቀም። መቀመጫ የሚባል ነገርም የለም፣ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ነው። እና ይቆጣሉ። ንዝረት እየተሰማኝ 8 ወር በመንዳቴ የደረሰብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ረዳታቸው ልጅ ሥራ ይወዳል ግን እሳቸው ሳያዩት ብሎን ያጠብቃል፣ አንዱን እንደገና ሲያስፈቱት አይቻለሁ። እሳቸው የሌሉበት ቀን ከሆነ መኪናችሁን አትተዉ።

ቪትዝ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ፊት ጎማዋ የሚስብ መኪና አይነኩም፣ "እሷ ሻፍቷ ሌላ ነው" ብለው ወደ ጎረቤት ይልኳችኋል። ላዳ፣ ዲኤክስ፣ አሮጌ ሃይሉክስ ያለው ሰው ግን ይሂድ። ፔጆ 504ም ይሠራሉ፣ ሻፍቱ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ፍለጋው ይረዝማል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል ብለውኛል።

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ደርሰን መጣን፣ በፈጣን መንገዱ። 80 ላይ ባለቤቴ መተርኮሻውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና "ተበላሸ እንዴ?" አለችኝ። 100 ላይ ትንሽ ማጉረምረም አለ፣ እሱ የላዳነቷ ነው፣ ጋሼም አይነኩትም።

መሄድ የፈለገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይድረስ። ጉድጓዱ አንድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይያዛል። ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ መኪናችሁን መጨረሻ ማን እንደፈታት አስታውሱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።